ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጎድል ምሳ

ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች በትምህርት ቤት የሚሰጠው ነፃ ምሳ በብዙ አገሮች የተሳሰረው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ የሥራ ቀን ጋር በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ምሳውም አብሮ ይቋረጣል፤ በዕረፍት ወራት የሚጨምረው ግን የወላጅ ወጪ እንጂ ገቢ አይደለም። ይህን ክፍተት ለመድፈን በእንግሊዝ የተዘረጋው «የዕረፍት ጊዜ እንቅስቃሴና ምግብ» የተሰኘ መርሐ ግብር ምግብን ከጨዋታና ከስፖርት ጋር አጣምሮ በነፃ በማቅረቡ ትክክለኛውን መንገድ ይዟል። ሆኖም የቀኖቹ ብዛት፣ የሰዓቱ ርዝመትና የመግቢያው መስፈርት የተለኩት በልጆቹ ፍላጎት ሳይሆን በበጀቱ አቅም ስለሆነ፣ የተቋቋመለትን ችግር ገና አጋማሹን እንኳ አልሸፈነም።

ችግሩ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የብሪታንያ ፓርላማ የአካባቢ አስተዳደሮች ለተራቡ ተማሪዎች ምግብ እንዲያቀርቡ የሚፈቅደውን የ1906 ሕግ (ዓመታቱና ወራቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ባወጣ በዓመቱ፣ በሰሜን እንግሊዝ በሱፍ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው በብራድፎርድ ከተማ የትምህርት ቤቶች ሐኪም የነበረው ራልፍ ክራውሊ ከባልደረባው ከማሪያን ከፍ ጋር አንድ ሙከራ አካሄደ። አርባ ያህል ልጆች ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ቁርስና ምሳ እየተመገቡ ክብደታቸው በየጊዜው ሲመዘን፣ ምግቡን ባገኙባቸው ሳምንታት ክብደታቸው ጨመረ፤ በጰራቅሊጦስ በዓል ሳቢያ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ምግቡ በተቋረጠበት ሳምንት ግን ቀነሰ። ይህን ውጤት በወላጆች ስንፍና ወይም በልጆቹ ተፈጥሮ ማሳበብ አይቻልም፤ ቤቱም ቤተሰቡም ያው ሆኖ ሳለ፣ የተለወጠው የትምህርት ቤቱ በር መከፈትና መዘጋት ብቻ ነበርና።

በ1914 የወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ትምህርት በማይሰጥባቸው ቀናትም ልጆችን እንዲመግቡ ፈቀደ። ነገር ግን መፍቀድ አንድ ነገር፣ ገንዘብ መመደብ ሌላ ነገር በመሆኑ፣ ምግብና እንቅስቃሴን ያጣመረ መርሐ ግብር በመላ እንግሊዝ እስኪዘረጋ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ2018 በጥቂት አካባቢዎች በሙከራ የተጀመረው ሥራ አገር አቀፍ የሆነው፣ የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ከዘጋና የልጆች ረኃብ ከቤት ወጥቶ አደባባይ ላይ ከታየ በኋላ ነው። በልጅነቱ በነፃ የትምህርት ቤት ምግብ ያደገው፣ በዚያን ጊዜ የማንቸስተር ዩናይትድ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረው ማርከስ ራሽፎርድ በሰኔ 2020 ለፓርላማ አባላት የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ መንግሥትን በቀናት ውስጥ አቋሙን አስለውጦ፣ ለዚያ ዓመት የሐምሌና የነሐሴ ረጅም ዕረፍት የምግብ ኩፖን የሚውል 120 ሚሊዮን ፓውንድ አስመደበ። በጥቅምት ወር ምግቡ በቀጣዮቹ ዕረፍቶችም እንዲቀጥል የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ግን በ322 ድምፅ ተቃውሞና በ261 ድምፅ ድጋፍ ወደቀ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፣ በየከተማው ያሉ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ ለልጆች ነፃ ምሳ ማቅረብ ጀመሩ፣ መንግሥትም በኅዳር ወር ለ2021 የዕረፍት መርሐ ግብር 220 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። የብራድፎርዱ ሚዛን ከመቶ ዓመት በፊት የመሰከረውን ለማስፈጸም ወረርሽኝና ዝነኛ ተጫዋች ማስፈለጉ እጅግ ያሳዝናል።

በመርሐ ግብሩ መሠረት ከአምስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ በቤተሰባቸው ዝቅተኛ ገቢ ምክንያት ነፃ የትምህርት ቤት ምግብ የሚያገኙ ልጆች በትምህርት ቤት አዳራሾች፣ በስፖርት ክበቦችና በማኅበረሰብ ማዕከላት ይሰበሰባሉ። ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚቀርብላቸው ምግብ የትምህርት ቤት የምግብ ደረጃን፣ ማለትም አትክልት በየቀኑ እንዲቀርብና በዘይት የተጠበሰ ምግብ እንዲገደብ የሚያዝዘውን ደንብ፣ ማሟላት አለበት። ልጆቹ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ጨዋታና ስለ ምግብ የሚማሩበት ጊዜም የግድ ነው፤ ካሮትና ሽንኩርት በእጁ ከትፎ ሾርባውን ያማሰለ ልጅ ቤት ውስጥ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞርበት የነበረውን አትክልት ሳይለምኑት ይቀምሳል።

ከእንዲህ ካለው የዕረፍት ክበብ ይልቅ ኩፖን ፈጣን ነው፣ ለወላጅም የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል፤ ስለዚህ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ቤተሰቡ በአንዲት ክፍል ተጨናንቆ የሚኖርን ልጅ ስድስት ሳምንት ከሚያፈጥበት ስልክ ላይ አያነሣውም፣ የጨዋታ ጓደኛም አይሰጠውም። ከዚህም በላይ ክበቡ የልጁን ክብር ይጠብቃል፤ ልጁ የመጣው ኳስ ሊጫወት ነው፣ ሲርበውም ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ይበላል፣ ለምጽዋት የተሰለፈ መስሎ አይታይም። የአካባቢ አስተዳደሮች ከሚደርሳቸው ገንዘብ እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መስፈርቱን ለማያሟሉ ሌሎች ችግረኛ ልጆች እንዲያውሉ መፈቀዱም፣ የሚከፍሉ ልጆች ከማይከፍሉት ጋር በአንድ ሜዳ እንዲውሉ ማድረግ ከመቻሉ ጋር ተዳምሮ፣ «የድሆች ክበብ» የሚለውን ስም ያጠፋል።

ሒሳቡ ግን ደስ አያሰኝም። የሚጠበቀው አገልግሎት በዓመት ስድስት ሳምንት ሲሆን፣ አራቱ በሐምሌና በነሐሴ፣ አንዱ በፋሲካ፣ አንዱ በገና ይውላሉ፤ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ሲታሰብ በዓመት 24 ቀን ወይም 96 ሰዓት ይሆናል። በዓመት አሥራ ሦስት ሳምንት ገደማ በሚደርሰው የትምህርት ቤት ዕረፍት ውስጥ ስልሳ አምስት ያህል የሥራ ቀናት ስላሉ፣ ከሦስቱ ቀናት በሁለቱ ገደማ ልጁ ወደ ባዶው ምሳ ይመለሳል። የሰዓቱም ነገር ከዚህ አይተናነስም፤ ክበቡ ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ብቻ ከሠራ፣ ሆቴል የምታጸዳ ወይም መጋዘን ውስጥ ፈረቃ የምትገባ እናት ሥራዋን ትታ ልጇን ማምጣት ስለማትችል፣ ነፃ የተባለው ቦታ የቀን ደመወዟን ያስከፍላታል።

በሩም ጠባብ ነው። ከ2018 ጀምሮ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ቤተሰብ ልጆቹ ነፃ ምግብ እንዲያገኙ ከግብር በኋላ የሚቀረው የዓመት የሥራ ገቢው ከ7,400 ፓውንድ መብለጥ የለበትም፤ ይህ ልክ የኑሮ ውድነት ሲንር ከፍ ሳይል ዓመታት ቆይቷል። በ2017 በፍራንክ ፊልድ የሚመራው የፓርላማ አባላት ቡድን በዕረፍት ወቅት ለረኃብ ሊጋለጡ ይችላሉ ካላቸው እስከ 3 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች መካከል 2 ሚሊዮን ያህሉ ወላጆቻቸው እየሠሩም የሚቸገሩና ነፃ ምግብ የማያገኙ ነበሩ። መንግሥት ከመስከረም 2026 ጀምሮ በትምህርት ወቅት የገቢ ጣሪያው እንዲነሣ መወሰኑ መልካም ነው፤ የዕረፍቱ በር በዚያው ልክ ካልተከፈተ ግን በሰኔ ምሳ የበላ ልጅ በነሐሴ የማይበላበት ምክንያት እንደ ብራድፎርዱ ዘመን ያው የበሩ መዘጋት ይሆናል።

«ልጅን መመገብ የወላጅ እንጂ የመንግሥት ግዴታ አይደለም» የሚለው ክርክር በ2020ም በፓርላማው ተሰምቷል። የወላጅን ግዴታ ማንም አይክድም። ይሁንና ሕጉ ራሱ አንዳንድ ወላጆች ሠርተው እንዳያድሩ ይከለክላል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡትን ጨምሮ ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠባበቁ ቤተሰቦች በአብዛኛው መሥራት የማይፈቀድላቸው በመሆኑ በመንግሥት አነስተኛ ድጎማ ይኖራሉ፣ ልጆቻቸውም ለነፃው ምግብ ብቁ ናቸው። እነዚህ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት ብቁ መሆናቸውን የሚገልጸው መልእክትና የመመዝገቢያው ኮድ በማያነቡት ቋንቋ ስለሚደርሳቸው ነው። ክበቦቹ የልጆችን ሃይማኖታዊ የአመጋገብ ሥርዓት ማክበር ስላለባቸው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት የፍልሰታ ጾም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን፣ በጎርጎርዮሳዊው ኦገስት 7፣ ሲገባና ሁለት ሳምንቱ በረጅሙ የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት መካከል ሲውል፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ትኩስ ምሳ አብሮ መሰናዳት ይኖርበታል። ለዚህም መመዝገቢያው በአማርኛና በትግርኛ ቀርቦ ስለ ጾም አንድ ጥያቄ ቢጨመርበትና መልሱ ምግብ አቅራቢው ግዢውን ከመፈጸሙ በፊት ቢደርሰው በቂ ነው።