ፍንጭቱ ከመደፈኑ በፊት

ዊንጌት አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ሰሞኑን አንድ ጥያቄ አድርሰውናል። የ16 ዓመት ሴት ልጃቸው የፊት ጥርሶቿ ፍንጭት ናቸው። ውጭ አገር ያለች አክስቷ «ጥርሷን አሠሩላት» ብላ ገንዘብ ልካለች። የሄዱበት ክሊኒክ ስድስት የላይ ጥርሶቿን ሞርዶ ቪኒር በመለጠፍ በአንድ ሳምንት እንደሚጨርስ ነግሯቸዋል። አያቷ ደግሞ «የእናቴን ፍንጭት ማን ነው የሚደፍነው!» ብለው ቤቱን አናውጠውታል። እናትየው የሚፈልጉት ጥሩ የጥርስ ሐኪም እንዴት እንደሚመረጥ ማወቅ ነው።

በእኔ አስተያየት አያትየው ሊደመጡ ይገባል። ፍንጭት በእኛ አገር የቁንጅና ምልክት እንጂ ጉድለት ሆኖ አያውቅም። ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችንም የጥርስን ውበት ከማስታወቂያ አልተማሩትም። ይህን ስል የልጅቷን ስሜት ለማጣጣል አይደለም። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ፎቶ ሲነሱ ከንፈሯን የምትገጥም ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። ግን ፍንጭቱን የጠላችው እሷ ናት ወይስ አክስቷ? ይህን ብቻዋን አድርጎ መጠየቅ ወጪ የለውም።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት ቢኖር ብዙ ጊዜ አያስጨንቅም፤ ክራንቻዎቹ በ11 እና በ12 ዓመት ገደማ ሲወጡ ገፋ ገፋ አድርገው ሊያጠጋጉት ይችላሉ። በ16 ዓመት ግን በራሱ ይገጥማል ተብሎ አይጠበቅም። ያኔ ምርጫው አራት ነው፦ እንዳለ መተው፣ በሽቦ (ብሬስ) ማጠጋጋት፣ በጥርስ ቀለም በተሠራ ሙሌት ጎንና ጎኑን መሙላት፣ ወይም ቪኒር። ከአራቱ ለዚህች ልጅ የመጨረሻው መሆን ያለበት ቪኒር ነው። ቪኒር ለመለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ይሞረዳል፣ የተሞረደው ደግሞ መልሶ አይበቅልም። በዚያ ላይ የወጣት ጥርስ ውስጡ ያለው የነርቭ ክፍል ሰፊ ስለሆነ መሞረዱ ነርቩን የመንካት አደጋ አለው። ቪኒሩም የዕድሜ ልክ አይደለም። አሁን ያስለጠፈች ልጅ በሕይወቷ ደጋግማ ልታስቀይር ነው፣ ያኔ ደግሞ አክስት ገንዘብ ላትልክ ትችላለች። ሙሌት ግን ባይወደድ ይነሳል፤ ቢሰበርም ይጠገናል።

እዚህ ላይ ሐኪሙን መለየት ይጀመራል። እናትየው እንዳሉት ክሊኒኩ ራጅ ሳያነሳ፣ ድዷንም ሳያይ ነው ዋጋ የቆረጠው። ለእኔ ይህ ብቻውን ሌላ ቦታ ለመሄድ ይበቃኛል። ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ ክፍተቱ ከምን እንደመጣ ይፈልጋል። ለምሳሌ የላይኛው ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያዝበት ክር ወፍራም ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ከገባ፣ እሱ ሳይታይ የተዘጋ ፍንጭት ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። የተበላ ጥርስ ወይም የሚደማ ድድ ካለም ውበቱ ይቆያል፣ እሱ ይቀድማል። ቀጥሎም ምርጫዎቹን ሁሉ፣ «ምንም አለማድረግ»ን ጨምሮ፣ ከነጉዳታቸው ይነግራችኋል። በቲክቶክ «በፊት» እና «በኋላ» እያለ የሚለጥፈውን ፎቶ አትመኑ፤ «ከሦስት ዓመት በፊት የሠራኸውን አሳየኝ» በሉት።

ሳትፈሩ የባለሙያውን የትምህርት ደረጃ ጠይቁ። በጥርስ ክሊኒክ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም አይደለም፤ ሽቦ ማሰር ደግሞ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። ግድግዳው ላይ የታደሰ ፈቃድ ይታያል ወይ? መሣሪያዎቹ በእንፋሎት በሚያመክን ማሽን አልፈው ከታሸገ ከረጢት በፊታችሁ ይወጣሉ ወይ? እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለ በደም የሚተላለፍ በሽታ በዚህ ቸልታ ሊመጣ ይችላል። ዋጋውም በወረቀት ይሁን፣ ቢሰበር ወይም ቢወልቅ ማን እንደሚከፍል ጭምር ይጻፍበት።

ስለ ርቀት ማንም አያነሳም። ሽቦ ከታሰረ አንድ ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ በየወሩ ገደማ መመላለስም አለው። ከትምህርት ቤት በኋላ ከዊንጌት ቦሌ ድረስ በታክሲ ሰልፍ መሄድን አስቡት። ቀጠሮው ሲዘለል ሥራው ይበላሻል። በእግር የሚደረስበት ደህና ሐኪም ካለ፣ ሩቅ ካለው ዝነኛ እሱን እመርጣለሁ። ሽቦው ከወጣ በኋላም ጥርሱን ይዞ የሚያቆይ መያዣ ካልተደረገ ፍንጭቱ ይመለሳል።

ማንጣትን የሚጠይቁም አሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጥርስ የሚያነጡ ጠንከር ያሉ ምርቶች ከ18 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀዱም፤ እኛም ብንጠነቀቅ አይከፋም። ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከሌላ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣችሁ ቤተሰቦች ደግሞ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ቢሆን በመፋቂያና በሳሙና አትጎዱት። ጥርሱ ሲሠራ የተጠጣው ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር ነው፣ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። በማንጣት ብቻም ላይለቅ ይችላል።

አያቶች ሆይ፣ ሁለት ነገር ከእናንተ ይፈለጋል። ልጁ ሕፃን ሳለ «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተቆርጦ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ክራንቻው ሳይወጣ ወይም ተጣሞ የቀረው በዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ስለራሳችሁ ነው። በወጣትነት ያልነበረ ክፍተት አሁን በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል ከተከፈተ፣ ወይም ጥርሱ መነቃነቅ ከጀመረ፣ እሱ ፍንጭት አይደለም። ድዱና ጥርሱን የያዘው አጥንት ታመው ሊሆን ይችላልና ለልጅቷ በተያዘው ቀጠሮ አብራችሁ ታዩ።