ትዳር ወይስ ሙያ? ጥያቄው ለማን ነው?

ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ፣ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው የተመረቁ አንዲት መሐንዲስ ስለ ሥራቸው እንዲነግሩን ጋብዘን ነበር። የኮምፒዩተር መረብ ሲቋረጥ በሌሊት ተጠርተው እንዴት እንደሚጠግኑት፣ ብልሽቱንም ከየት ጀምረው እንደሚፈልጉ አንድ ሰዓት ያህል አስረዱን። ንግግራቸው አልቆ ጥያቄ ሲፈቀድ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድማችን ተነሣና «ሌሊት ሲጠሩዎ ልጆችዎን ማን ይይዛቸዋል? ባለቤትዎስ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀ። አዳራሹ ሳቀ። እኒህ ሴት ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ከእኔ ጋር ተራ ገብቶ በሌሊት የሚጠራ የአራት ልጆች አባት አለ። እስከ ዛሬ ይህን ጥያቄ እሱን የጠየቀው ሰው አላየሁም» አሉ።

አዳራሹ ሲስቅ እኛም የቴክኖሎጂ ሴት ተማሪዎች አብረን ስቀን ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ የራሳችን ሳቅ ነው።

ጠያቂውን ወንድማችንን ለመውቀስ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው የእኛም ነው። ማታ በመኝታ ክፍላችን መብራት ከጠፋ በኋላ እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው ይኸንኑ ነው። አንዳንዶቻችን «እኔስ አላገባም» እንላለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ «ዲግሪውን ልያዝና ሌላው ይደርሳል» እያልን ነገሩን እናልፈዋለን። ሁለቱም ከጥያቄው መሸሽ ነው። በሁለተኛ ዓመት በሒሳብ ከሁላችን የምትበልጥ ጓደኛ ነበረችን። አገባች፤ ወለደች፤ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብላ ትምህርቷን አቋረጠች። ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ማንም አላባረራትም፤ የከለከላትም ሕግ የለም። ልጁን የሚይዝላት ሰው ብቻ ጠፋ። ባሏ ግን ዘንድሮ ከእኛ ጋር ይመረቃል።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ እንደሆነ፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባት ደንግጎ ነበር። ባል ለሚስቱ አገልጋይ ለመቅጠር ካልቻለም የቤቱን ሥራ እርሷ ራሷ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። እናቶቻችንና አያቶቻችን የተዳሩት በዚህ ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ሽሮ፣ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ለዚህ ለውጥ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ደክሟል። ወረቀቱ ከተለወጠ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆነው፤ ጓዳው ግን ገና በ1952ቱ ሕግ ይተዳደራል።

አዲሶቹ ሕጎችም ቢሆኑ ቆም ብሎ ላያቸው ሰው የሚናገሩት ነገር አላቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ይህ ከቀድሞው የተሻለ ነውና እናመሰግናለን። ለአባትየው የተፈቀደው ግን 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሦስት ቀን እንግዳ ለመቀበልና ገንፎ ለመብላት ይበቃ ይሆናል፤ ልጅ ለማሳደግ ግን አይበቃም። ቀጣሪም ይህን ልዩነት ያያል። ሁለት እኩል ውጤት ያላቸው ተመራቂዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በፊቱ ሲቀመጡ ልቡ ወደ ማን እንደሚያዘነብል ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያላሳደገው ማን አለ? ይህ ተረት ሴት አታውቅም አይልም። ብታውቅም መጨረሻው በወንድ እጅ ነው ነው የሚለው። እኛ ዛሬ የምንከራከረው ሴት ታውቃለች አታውቅም በሚለው ላይ አይደለም፤ ይህን የፈተና ውጤት ይመልሰዋል። የምንከራከረው የምታውቀው ነገር ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ የት ይደርሳል በሚለው ላይ ነው።

በሌላው አገር ይህ ችግር እንዴት ተሞከረ ብለን ብንጠይቅ፣ ሁለት ታሪኮች ትምህርት ይሰጡናል።

የመጀመሪያው በእንግሊዝ አገር የሆነ ነው። እስቴፋኒ ሸርሊ የምትባል የፕሮግራም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 በስድስት ፓውንድ ካፒታል፣ በምግብ ገበታዋ ላይ አንድ ኩባንያ አቋቋመች። የቀጠረቻቸው ስላገቡ ወይም ስለወለዱ ከሥራ የወጡ የሠለጠኑ ሴቶችን ነበር። እነርሱም ልጆቻቸውን እያሳደጉ በየቤታቸው ሆነው ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። በሴት ስሟ ለየኩባንያው የምትልከው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ «እስቲቭ» ብላ በወንድ ስም መፈረም ጀመረች፤ ያን ጊዜ በሩ ተከፈተላት። በስልክ ስትነጋገር የሕፃን ልቅሶ እንዳይሰማ የጽሕፈት መኪና ድምፅ በቴፕ ቀርጻ ከኋላ ታሰማ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ ወንዶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መዝጋቢ መሣሪያ ፕሮግራም የተጻፈው በእነዚሁ እናቶች እጅ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ የጎደለው የሴቶቹ ችሎታ ሳይሆን የሥራው አደረጃጀት ነበር። ሰዓቱና ቦታው ሲለወጥ ችሎታው ከተቀበረበት ወጣ።

ሁለተኛው በአሜሪካ ነው። ማርጋሬት ሃሚልተን ሰውን ወደ ጨረቃ ለወሰደው መንኮራኩር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሚጽፉት አንዷ፣ በኋላም መሪያቸው ነበረች። ልጇን የሚይዝላት ስታጣ በሌሊትና በዕረፍት ቀን ወደ ላቦራቶሩ ይዛት ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ሕፃኗ በመለማመጃው መሣሪያ ላይ ስትጫወት ቁልፎች ነካክታ፣ በጉዞ መካከል የመነሻውን ፕሮግራም ቀሰቀሰችና መሣሪያው ቆመ። እናትየው ይህን አይታ «ጠፈርተኛም እንዲህ ሊሳሳት ይችላልና መከላከያ ይግባበት» ብትል፣ የሠለጠነ ጠፈርተኛ አይሳሳትም ተብላ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 በአፖሎ 8 ጉዞ ላይ አንዱ ጠፈርተኛ ያንኑ ስሕተት ሠራ፤ የጠፋውንም የአቅጣጫ መረጃ እንደገና መመለስ ግድ ሆነ። እናትነት ከሥራው የሚቀንስ ብቻ ነው ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው። የሕፃን እጅ ምን እንደሚነካ የሚያውቅ ሰው ማሽን ሲሠራ ሌላው ያላየውን ያያል።

ሴቶች በሌሉበት የተሠራ ማሽን ሴቶችን አያይም ብንል ምሳሌ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ባልደረባዋ ጆይ ቡዎላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊት እያዩ ጾታን የሚለዩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን መርምረው ነበር። ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከመቶ አንድ እንኳ ሳይሞላ፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን በአንዱ ፕሮግራም ከመቶ 34.7 ደርሶ አገኙት። እኛ ከሥራው ከወጣን እኛን የሚመስል ሰው ከማሽኑ ዓይን ይወጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንመለስ፤ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ያለው እዚያ ነውና። የተማረች ሴት በአገራችን ከተሞች ሥራና ቤተሰብን አስማምታ ስትኖር ስናይ «እንዴት ቻለችው?» ብለን እናደንቃለን። መልሱ ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ናት። ከገጠር የመጣች፣ አንዳንዴም ትምህርት ቤት ልትሆን የሚገባት ልጅ፣ ከጎሕ በፊት ተነሥታ እሳት አንድዳ፣ ሕፃኑን አዝላ፣ እንጀራውን ጋግራ ማታ ሁሉም ሲተኛ የምትተኛ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንኳ እርሷን አያውቃትም፤ የቤት ሠራተኛ ከሽፋኑ ውጭ ናትና። እኛ በወሊድ ፈቃዳችን ቀን ስንቆጥር፣ እርሷ የሳምንት የዕረፍት ቀን የላትም። የእኛ ነፃነት በእርሷ ጀርባ ላይ ከታዘለ፣ የታዘለው ሸክም ከአንዲት ሴት ወደ ሌላይቱ ተዛወረ እንጂ አልቀለለም። በመካከሉ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ የሚያነበው ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን ስንል የቤት ሠራተኛ አትቀጠር ማለታችን አይደለም፤ ሥራው ለብዙዎች እንጀራ ነው። ነገር ግን ሥራ ከሆነ እንደ ሥራ ይያዝ። ውል ይኑረው፤ በጊዜው የሚከፈል ደመወዝ ይኑረው፤ የዕረፍት ቀንና የማታ ትምህርት የሚሄዱበት ሰዓት ይኑረው። ለቀጣሪዎቻችን የምንጠይቀውን ለምንቀጥራት ካልሰጠን ልፈፋችን ለራስ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ እኅቶቻችን ሆይ፣ ለእናንተም ለራሳችንም የምንመክረው ጥቂት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ውሉ ከሠርጉ በፊት ይሁን። ሽማግሌ ሲላክ ስለ ድግሱ፣ ስለ ጥሎሹና ስለ እንግዳው ብዛት ሳምንት ሙሉ ይመከራል። ልጅ ሌሊት ሲያለቅስ ማን እንደሚነሣ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ሥራ ቢያገኝ ማን እንደሚከተል ግን ማንም አያነሣም። ይህን ማንሣት ነውር አይደለም። ይህን ሲሰማ የሚሸሽ እጮኛ ካለ ዛሬ ቢሸሽ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ በሕፃን ልጅ ዓመታት ክሩን ጨርሶ አትበጥሱት። የእኛ ሙያ እንደ ሸማ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያወጡት አይደለም፤ ዛሬ የምንማረው ማሽን ነገ ይሻራል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢሆንም አንድ ትንሽ ሥራ በእጅ ይኑር፤ ከሙያ ጓደኞች ጋር መገናኘት አይቋረጥ። ክሩ ካልተበጠሰ ቀጭን ቢሆንም ይጎተታል።

ሦስተኛ፣ ሕጉን እናንብብ። እርግዝና ሠራተኛን ለማባረር ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ ይናገራል። ይህን ሳያውቁ በቃል ማስፈራሪያ ብቻ ሥራቸውን ለቅቀው የወጡ አሉ።

አራተኛ፣ እናቶቻችንን አንናቅ። ብዙዎቻችን እዚህ የደረስነው እንጀራ ሸጠው፣ ጠላ ጠምቀው ባስተማሩን እናቶች ነው። እርሾውን፣ የእሳቱን መጠንና የገበያውን ሒሳብ በራሳቸው የያዙ ሴቶች መሐንዲስ ለመሆን የጎደላቸው ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ መሥራትን አንጠላም። የምንጠላው ቤት የአንድ ሰው ብቻ መሆኑን ነው።

ወንድሞቻችን ሆይ፣ ለእናንተም ቃል አለን። በስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት ከእኛ ይልቅ ጮክ ብላችሁ የምትናገሩ እናንተ ናችሁ። ለዚህ እናመሰግናለን። ግን የማኅበሩ ስብሰባ ሲያልቅ ሻይ የምናፈላውና ብርጭቆ የምናጥበው ለምን ሁልጊዜ እኛ ሆንን? ለቤተ ሙከራ በቡድን ስንመደብ ማስታወሻ ያዥዋ ሴት፣ መሣሪያውን የሚነካው ወንድ የሚሆነው በማን ትእዛዝ ነው? ወጥ መሥራት ከካልኩለስ አይከብድም፤ ካልኩለስን ያለፈ ሰው ሽንኩርት ያቃተኛል ቢል አናምነውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የቤት ሥራም እንዲሁ ነው።

ማኅበራችንም ከመፈክር ወደ ሥራ ይለፍ። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በግቢያችን ለተማሪ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ክፍል ይከፈት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበርና፣ የነገዎቹን ሠራተኞች የሚያሠለጥን ግቢ ማቆያ ሊያጣ አይገባም። ከቤተ ሙከራ እስከ ሴቶች ማደሪያ ያለው መንገድ ማታ መብራት ይኑረው፤ ወንዶች እስከ እኩለ ሌሊት ሲሠሩ እኛ ጨለማውን ፈርተን በአንድ ሰዓት የምንወጣ ከሆነ ውድድሩ እኩል አይደለም። በወሊድ ምክንያት ያቋረጡ እኅቶችም ስማቸው ተፈልጎ፣ የሚመለሱበት መንገድ ከየትምህርት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ ይበጅ። ከሦስቱ ይህን የመጨረሻውን ማኅበሩ ያለ ምንም በጀት ነገ ጧት ሊጀምረው ይችላል።

ያቺን በሒሳብ የምትበልጠንን ጓደኛችንን ባለፈው እሑድ ሄደን ጠየቅናት። ልጇ የእኛን ደብተር እየገለበጠ ሲጫወት፣ እርሷ ያልጨረስነውን አንድ ጥያቄ አይታ በእርሳስ ሠራችልን። ጊዜ አልፈጀባትም። ስንወጣ «ቦታዬ አሁንም አለ?» አለችን። እኛ መልስ አልነበረንም፤ ጥያቄውን ለማኅበሩና ለሁላችሁም አምጥተነዋል።