«አልተመረጡም» መልስ ነውን?

ለአይሮፕላን አብራሪነት ተፈትኖ የተመለሰ ባልንጀራ በመካከላችን የለም የሚል ሰው ካለ ዙሪያውን አልተመለከተም። አለ፤ ዳሩ ግን አይናገርም። ለቃለ መጠይቁ ሲሄድ አንዱ ከረባት፣ ሌላው ኮት አውሶት፣ ገና ሳይመረጥ «ካፒቴን» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። የተመረጡት ስም ተለጥፎ የእርሱ ከሌለበት ያው ስም መቀለጃ ይሆንበታል። ምግብ ቤት የሚገባው ሰው ከወጣ በኋላ ነው። ወላጆቹም ለጎረቤት ሁሉ አስቀድመው አውርተዋልና ለበዓል እንኳ ወደ ቤቱ መሄድን ይፈራል። ብዕር ያነሣነው ስለዚህ ልጅ ነው፤ ይበልጡን ግን እዚህ ላይ ስላደረሰው ልማድ ነው።

የሚሰጠው ማጽናኛ የታወቀ ነው። አንዱ «ሁሉ ለበጎ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ሳይጻፍልህ ቀርቶ ነው» ይለዋል፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘመድ የለህማ!» ይለዋል። የፊተኞቹ ሁለቱ ቢያንስ እንቅልፍ ያስወስዳሉ። የመጨረሻው ግን መርዝ ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቅ የለም። የማይታወቀውም ምክንያቱ ስለማይነገር ነው። ምክንያቱን የሚደብቅ መሥሪያ ቤት በአድልዎ ሲታማ ሊቆጣ አይገባውም፤ የሐሜቱን ዘር የዘራው እርሱ ራሱ ነው። ቅን መራጭ ከአድሏዊ መራጭ የሚለይበትን ምልክት በገዛ እጁ ሸሽጎታል። የማንንም ስም አንጠራም፤ ልማዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለምና።

ሰው ከአብራሪነት የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። ቀይና አረንጓዴን ለይቶ አለማየት አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ ነው፤ በጥናት አይድንም። እንዲህ ያለው ልጅ ቶሎ ቢነገረው ፊቱን ወደ ሌላ ሙያ ያዞራል። እንግሊዝኛ የጎደለው ግን ሌላ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ2008 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም አቀፍ መስመር የሚበር አብራሪ ከስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟላ ይጠይቃል፤ ይህም በልምምድ የሚደረስበት ነው። ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ እጁ መሪውን ሲከታተል ጆሮው ቁጥር እንዲይዝ በሚታዘዝበት ፈተና የተሰናከለውም ቢለማመድ ይሻሻላል። ታዲያ እነዚህን ሁሉ «አልተመረጡም» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ መስደድ ምን ይባላል? ሊለወጥ የማይችል እንቅፋት ያለበት በከንቱ ሦስት ዓመት ደጅ ይጠናል፤ ስድስት ወር ቢለማመድ የሚያልፈው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። እኛ ጭካኔ የምንለው ይህንን ነው፤ አለመምረጡን አይደለም። መምረጥማ የግድ ነው፤ የብዙ መንገደኛ ነፍስ የሚያዝበት ወንበር ለጠየቀ ሁሉ አይታደልም።

«አመልካቹ ብዙ ነው፤ ለሁሉም ምክንያት መጻፍ አይቻልም» የሚሉን አሉ። ይሁን፤ ለማመልከቻው ሁሉ አይጻፍ። ቃለ መጠይቅ ድረስ የደረሱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተጠይቀዋል፤ ለያንዳንዳቸውም ነጥብ ተሰጥቷል፤ ነጥቡም በወረቀት ላይ ሰፍሯል። የተጻፈውን ነገር ለባለቤቱ ለመንገር የሚያስፈልገው ድፍረት እንጂ ጊዜ አይደለም።

ድፍረትን ካነሣን ዘንድ፣ ቃለ መጠይቁ ራሱ የሚፈልገው እርሱኑ ነው። «አለቃህ ሲሳሳት ብታይ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ለወግ የሚቀርብ አይደለም። በማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ጉም ነበረ። የኬ ኤል ኤም ካፒቴን ሳይፈቀድለት ለመነሣት ሲንደረደር፣ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አይሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። በተከታዩ ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ አንድ የዩናይትድ ዲሲ 8፣ ካፒቴኑ ስለ ማረፊያ እግሩ ሲጨነቅ ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ነዳጁ እየተሟጠጠ መሆኑን ባልደረቦቹ ያውቁ ነበር፤ አንሥተውለትም ነበር፤ ነገር ግን አጥብቀው አልተናገሩም። አየር መንገዶች የበታቹ ለበላዩ ፊት ለፊት እንዲናገር ማሠልጠን የያዙት ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ነው።

እንግዲህ የኛን ተፈታኝ ተመልከቱት። በቤቱ ታላቅ ሲናገር አንገት መድፋትን ተምሯል፤ «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምቶ አድጓል። ትምህርት ቤት ገብቶ ያው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ መጥቶም ያው ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ የመደመሩን ምልክት በመቀነስ ቢለውጡት፣ አምሳ ተማሪ እያየ ስሕተቱን ከነነፍሱ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። (ይህን ያላየ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ፤ እጅ ማውጣት የለመደ ከሆነ።) የደፈረውን አንድ ተማሪ ደግሞ «ሊታይ ፈልጎ ነው» የሚለው ከኋላው የተቀመጠው ጓደኛው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝምታን የተማረ ልጅ በሃያ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ውስጥ ካፒቴኑን የሚያርም ሰው ሆኖ እንዲገኝ ይጠበቃል። ሳይገኝ ሲቀር «በራሱ አይተማመንም» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ይህም ለእርሱ አይነገረውም። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ይህ ውድቀት የልጁ ብቻ ነውን?

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የመራጮቹ ነገር ነው። የበታች ለበላዩ እውነቱን በግልጽ ይናገር ዘንድ ይፈትናሉ፤ እነርሱ ግን የበላይ ሆነው ሳለ እውነቱን ለበታች መናገር ይፈራሉ።

መጠየቅ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት የማርሎን ግሪንን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ግሪን በአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ የነበረ ጥቁር ሰው ነው። በ1957 ለኮንቲኔንታል አየር መንገድ ሲያመለክት በቅጹ ላይ ዘር የሚለውን ቦታ ባዶ ተወው፤ ተጠርቶም ተፈተነ። ከእርሱ ያነሰ የበረራ ሰዓት የነበራቸው ነጮች ሲቀጠሩ እርሱ ቀረ። ዕድሌ ነው ብሎ አልተቀመጠም፤ ለኮሎራዶ የፀረ አድልዎ ኮሚሽን አመለከተ፤ ኮሚሽኑም መርምሮ የቀረበት ምክንያት ዘሩ ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1963 ረታ፤ በ1965 ሥራውን ጀምሮ እስከ 1978 በረረ። የኛ ጉዳይ የዚያ ዓይነት ነው አንልም። የምንለው፣ ምክንያቱ ተመርምሮ ባይወጣ ኖሮ ግሪንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ «አልተመረጡም» ከተባሉት አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር ነው።

አንዳንድ ሰዎች የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ታሪክ ያነሡልናል። የቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በጥቁርነቱ ሲመልሰው በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ትምህርቱን እየጠረገ ያዳመጠ፣ በመጨረሻም አብራሪ ሆኖ በ1935 አገራችን መጥቶ አነስተኛውን አየር ኃይላችንን የመራ፣ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ ልጆቻችንን ያሠለጠነና በ1954 እዚሁ ያረፈ ሰው ነው። ክብር ይገባዋል። ነገር ግን «እንደ ሮቢንሰን ታገሥ» የሚሉን ሰዎች መጥረጊያ ይዘው መግባት ያልቻሉት፣ ከዚያው ደጅ የተመለሱት ስንት እንደ ነበሩ አይነግሩንም። የአንዱ ብርታት የበሩን መዘጋት ትክክል አያደርገውም።

ስለዚህ የተመለሰው ባልንጀራችን አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። በየትኛው ፈተና እንደ ቀረ፣ እንደገና ለማመልከት ይችል እንደ ሆነ፣ የሚችልም ከሆነ መቼ እንደሆነ በትሕትና ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ ሁለተኛ ይጻፍ። ደብዳቤው የአንድ ሰው ሲሆን ቅርጫት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ማኅበራችን ተቀብሎ በማኅተሙ ቢልከው ግን ቅርጫቱ ይጠብበታል። ማኅበሩ እስካሁን ለእግር ኳስ ዋንጫ የሚጽፈውን ያህል እንኳ ለዚህ አልጻፈም።

በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብተር እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርበናል። ተፈትኖ የተመለሰ ሁሉ፣ ያለፈውም የቀረውም፣ ምን እንደ ተጠየቀ፣ ምን ብሎ እንደ መለሰ፣ የትኛው ክፍል እንደ ከበደው ይጻፍበት። ስም መጻፍ አያስፈልግም። በሚመጣው ዙር የሚፈተኑት ከመሄዳቸው በፊት ያንብቡት፤ ሲመለሱም የራሳቸውን ይጨምሩበት።