ፍቅር በብርድ ሲፈተን

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃና የትምህርት ቤት ዕረፍት ማለታችን ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ክረምት በረዶ ነው፤ የሚመጣውም ተማሪው በትምህርቱ ላይ ሳለ ነው። ታዲያ ከዚያ አገር የኮሌጅ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ብርዱን ሸሽተው ምድጃ ዳር አይቀመጡም፤ ወንዱም ሴቷም ስንቃቸውን አዝለው ተራራ ይወጣሉ። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ትልቅ ቁም ነገር አለበት፤ ለትዳር የሚተያዩ ወጣቶች ጠባያቸውን የሚመዝኑበት ማለፊያ ሚዛን ነውና።

በኒው ሃምፕሺር ግዛት የሚገኘውን ዳርትማውዝ ኮሌጅን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1909 ፍሬድ ሃሪስ የተባለ ተማሪ ጓደኞቹን አስተባብሮ በበረዶ ላይ የሚንሸራተትና ተራራ የሚወጣ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1911ም የኮሌጁ የክረምት በዓል ተጀመረ። ኮሌጁ የወንዶች ብቻ ስለ ነበረ፣ ልጃገረዶች ወደ በዓሉ የሚመጡት በእንግድነት ተጋብዘው ነበር። ሴቶች በተማሪነት መግባት የጀመሩት በ1972 ነው። ከዚያ ወዲህ ተጋባዥ የነበረችው የማኅበሩ አባል ሆነች፤ ሸክሙን ትካፈላለች፣ መንገዱንም ትመራለች። በእንግዳ ፊት ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሸክም በሚጋራ ሰው ፊት ግን ጠባይ ከቶ አይደበቅም።

በዚያው ግዛት የዋሽንግተን ተራራ አለ። ከፍታው 1,917 ሜትር በመሆኑ ጫፉ ከአዲስ አበባ መሬት እንኳ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የሚንቀው አይጠፋም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1934 በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ነፋስ ተለክቶበታል፤ ከ1849 ወዲህም ከ150 የበለጡ ሰዎች ሞተውበታል።

ብርድ ሰውን የሚጎዳው በኃይሉ ብቻ ሳይሆን በተንኰሉም ነው። ዳገት ሲወጣ ላብ ያጠመቀው ሰው ልብሱ ይርሳል፤ የራሰ ልብስም የገላውን ሙቀት ይነጥቀዋል። ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ እጅ ይደነዝዛል፣ አንደበት ይኮላተፋል፣ ማስተዋልም ይደበዝዛል። እንዲህ የሆነው ሰው «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ደኅና አለመሆኑን የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ነው። የካፖርቱን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተውና እግሩ ሲደናቀፍ የምታየው እርሷ ናት፤ የእርሷንም የሚያየው እርሱ ነው። በዚያች ሰዓት ፍቅር ማለት ያማረ ቃል መደርደር አይደለም፤ «በቃ፣ እንመለስ» ማለትና ሲባሉም ሳይኮሩ መስማት ነው። ጫፉ ጥቂት ሲቀረው መመለስ የቻሉ ሁለት ወጣቶች፣ ነገ በደመወዝ ወይም በዘመድ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ መመለሻው አይጠፋቸውም ብለን እናምናለን።

በእኛ ከተማ ግን ወጣቶች የሚተያዩት ካፌና ሲኒማ ቤት ነው። በኬክ ፊት የማይስማማ ማን አለ? ሒሳቡንም አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ስለሚከፍል፣ ልጅቱ እንደ ጥንቱ የዳርትማውዝ እንግዳ ተጋባዥ ሆና ትቀራለች። ሁለቱም መልካም መልካሙን ብቻ አይተው ይጋባሉ፤ የቀረውን ጠባይ የሚያዩት ከሠርጉ በኋላ ነው።

«በረዶ ከየት እናምጣ?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ብርድ በአገራችን ሞልቷል። የባሌው ሳኔቲ አምባ ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በበጋው ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥልበታል፤ በሮቤ ከተማ ለሚማሩትም ሩቅ አይደለም። ለአዲስ አበባው ተማሪም የታኅሣሥ ጧት በእንጦጦ በቂ መምህር ነው።

ወላጆች «ያልተጋቡ ልጆች ተራራ ላይ ምን ይሠራሉ?» ቢሉ አንፈርድባቸውም። መልሱ ማኅበር ነው። ተማሪዎች በቡድን፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዘውና ለቤተሰብ ነግረው ቢሄዱ፣ ስማቸውም ሕይወታቸውም ይጠበቃል።

ስለዚህ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ቀለበት ከማሰራችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁ ይብረዳችሁ። ደረቅ መቀየሪያ ልብስ ያዙ፤ ሸክሙን እኩል ተካፈሉ፤ የመመለሻውንም ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። ሰዓቱ ሲደርስ ከሁለታችሁ ማን ቃሉን እንደሚያከብር ያን ጊዜ ታያላችሁ።