ስንፈቱ የማን ነው?

የአዲስ አበባን የመብራት ምሰሶ ያነበበ ሰው «ስንፈተ ወሲብ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ከአስምና ከኪንታሮት ቀጥላ ትጻፋለች፤ ከሥሯ የስልክ ቁጥር አለ። እስኪ ቆም ብላችሁ አስተውሉ፤ ማስታወቂያው የሚያናግረው ወንዱን ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃል ላይ ማፍጠጥ ልማዴ ነው፤ ይህች ቃል ሴት አታውቅም። ወንዱ ሲያቅተው በሽታ ይባልለታል፣ መድኃኒት ይፈለግለታል። ሴቷ ሲያቅታት ግን «በድን»፣ «ቀዝቃዛ» ትባላለች። የሱ ሕመም፣ የሷ ጠባይ!

ፈረንጁም ቢሆን ብዙ አልተሻለም። ቪያግራ ለወንዶች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አምራቹ ፋይዘር ያንኑ ክኒን በ3,000 ያህል ሴቶች ላይ ሞክሮ በ2004 እርግፍ አድርጎ ተወው። ደም ወደ ብልት መፍሰሱ ብቻውን ለሴቷ ፍላጎት አላመጣላትም። ቀጥሎ ፍሊባንሴሪን መጣ። መጀመሪያ ለድብርት የታሰበ ክኒን ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሁለቴ ከመለሰው በኋላ በ2015 ፈቀደው። በሙከራው የታየው ጥቅም በአማካይ በወር ከአንድ ያልበለጠ ተጨማሪ አስደሳች ግንኙነት ነው። ከአልኮል ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ በተመረመረበት ጥናት ደግሞ ከ25ቱ ተሳታፊዎች 23ቱ ወንዶች ነበሩ። ፊደል አልተገደፈም፤ ለሴት መድኃኒት 23 ወንዶች! አምራቹ ኩባንያ በተፈቀደለት በቀናት ውስጥ ለ1 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ ተስማማ።

ይህን ክኒን አሶሳ ዞን ሆሞሻ ወረዳ፣ ጾሬ እንውሰደው። ጾሬ በ2015 የስደተኞች መጠለያ የተከፈተበት፣ ለሱዳን ድንበር የቀረበ አገር ነው። የበርታ ሕዝብ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራል፤ ምላጩም እንደዚያው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት መካከል ከ100 65ቱ የተገረዙ ነበሩ፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝም ከ100 ከ60 በላይ። ለተገረዘች ሴት ነገሩ ከአንጎል ቅመም ብቻ አይጀምርም። ጠባሳ አለ፣ ሕመም አለ፣ የዚያች ቀን ድንጋጤ አለ።

ታዲያ ማን ጠየቃት? አሶሳ ሻይ ስንጠጣ ይህንኑ አንድ ወጣት የጤና መኮንን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ስንት ልጅ እንደወለደች እንጠይቃለን፣ መርፌ ትወስድ እንደሆነ እንጠይቃለን። ከባሏ ጋር ስትተኛ ያማታል ወይ የሚል ግን ቅጹ ላይ የለም» አለኝና አቀረቀረ።

ወይ ቅጽ! ሽንት ቤቷንና አጎበሯን ሳይቀር ቆጥረንባታል።

«ነውር ነው፣ ባህላችን አይፈቅድም» የሚለኝ አይጠፋም። ምላጩን ያነሳው ሰው ግን አላፈረም፤ ፍላጎቷን ሊቀንስ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ለማጥፋት ሲሆን ያልነወረ ነገር ለማከም ሲሆን ይነውራል? በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ገራዡን ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል። ደግ። ቀድሞ ለተገረዘችዋስ ምን አለ?

የተገረዘች ሁሉ አበቃላት ማለትም ሌላ ስድብ ነው። ሄለን ኦኮኔል የተባለች አውስትራሊያዊት ሐኪም በዚያው በቪያግራ ዓመት፣ በ1998፣ እንዳሳየችው ቂንጥር (ቃሉ ጋዜጣ ላይ ይታይ፤ የአካል ስም ነው) አብዛኛው ክፍሉ በሰውነት ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፒየር ፎልዴስ ከ1998 እስከ 2009 ድረስ 2,938 የተገረዙ ሴቶችን አክሟል፤ ውጤቱ በ2012 ላንሴት ላይ ታትሟል። ለአንድ ዓመት ክትትል የተመለሱት 866 ብቻ ስለነበሩ ጉዳዩ እስካሁን ያከራክራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 መመሪያው ለቀዶ ሕክምናው ገና በቂ ማስረጃ የለም ብሎ፣ የወሲብ ምክር አገልግሎትን ግን ደግፏል። ምክር ደግሞ ቢሊዮን ዶላር አይጠይቅም።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሆስፒታልም አለ። ጥናቱን ከእነዚሁ ሴቶች ይጀምሩ። ጠያቂዋ ሴት ትሁን፣ ቋንቋቸውን ትናገር፤ ባል ደጅ ይቆይ።