አልማዝ ባለጭራ፦ ስሙ ያየውን እንመን፣ ወሬው የጨመረውን እንተው

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋም ሆነ በመካኒሳ፣ በለቡም ሆነ በጀሞ፣ «አልማዝ ባለጭራ» የሚለውን ስም ያልሰማ ጎልማሳ ማግኘት ያስቸግራል። ስሙን የሚያውቀው ሰው ብዙ ቢሆንም በሽታው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሙ ምን ያህል ትክክለኛ ምልከታ እንደያዘና በስሙ ላይ የተለጠፈው ወሬ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትል ማመልከት ነው።

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በጀርባ፣ በጎድን ወይም በወገብ ዙሪያ ነው። ታማሚው ሕመሙን ይሰማዋል እንጂ ሽፍታውን በዓይኑ ሊያየው አይችልም። የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው የትዳር ጓደኛ ነው። ሚስት የባሏን ልብስ ገልጣ፣ ባልም የሚስቱን ጀርባ በአምፑል ብርሃን ተመልክቶ የመጀመሪያውን ፍርድ ይሰጣል። ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል የሚፈጸመው በጤና ጣቢያ ሳይሆን በመኝታ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያ የመጀመሪያ ፍርድ ትክክል ከሆነ ቀኖች ይተርፋሉ፤ ከተሳሳተ ግን ቀኖች ይባክናሉ። በዚህ በሽታ ደግሞ ቀኖች ዋጋ አላቸው።

ፍርዱን የሚያሳስቱት በተለይ ሁለት ትረካዎች ናቸው። አንደኛው «አንድ ነገር ሄዶበት ነው» የሚለው ነው። ሸረሪት ወይም ሌላ ነፍሳት በሌሊት በቆዳው ላይ ሄዶ መርዙን እንዳፈሰሰበት ይታመናል። ይህን የተቀበለ ቤተሰብ መፍትሔውን የሚፈልገው በቆዳው ላይ ስለሆነ ቅጠል ይቀጠቅጣል ወይም ከመድኃኒት ቤት ቅባት ይገዛል። ሁለተኛው ትረካ «ይህ የኤች አይ ቪ ምልክት ነው» የሚለው ነው። ይህን የተቀበለ ቤተሰብ ደግሞ ዝም ይላል፤ ልብስ ይደርባል፤ ጎረቤት እንዳያይ ይጠነቀቃል። የመጀመሪያው ትረካ ሰውን ወደተሳሳተ ቦታ ይልከዋል፤ ሁለተኛው ከነጭራሹ እንዳይሄድ ያደርገዋል። ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሕክምናው ይዘገያል።

ለመሆኑ ሳይንስ ምን ይላል? አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍን የሚያስይዘው ያው ቫይረስ ነው። ልጁ ከጉድፍ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነቱ ጨርሶ አይወጣም። በአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ወይም በራስ ቅል ሥር በሚገኙ የስሜት ነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል። የሰውነት የመከላከል አቅም በእርጅና፣ በሕመም ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት ሲዳከም ከአንዱ ቋጠሮ ይነሣና የዚያን ነርቭ መስመር ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ስለዚህ በሽታው ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከውስጥ የነቃ ነው። ነርቩን እያቆሰለ ስለሚመጣም ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ቀናት ያህል አስቀድሞ የማቃጠል፣ የመውጋት ወይም የመንዘር ስሜት ሊኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕመሙ ከልብ፣ ከኩላሊት ወይም ከሐሞት ከረጢት ሕመም ጋር የሚምታታበት አጋጣሚ አለ።

ይህን ከውስጥ የመንቃት ሐሳብ አጥርተው ካቀረቡት ሰዎች መካከል ሆፕ-ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ይገኛል። የሚሠራው በትልቅ የምርምር ተቋም ሳይሆን በአንዲት ትንሽ ከተማ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ነበር። የ16 ዓመት የሕሙማን መዝገቡን አገላብጦ፣ በሽታው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እንደሚበዛ አሳይቶ፣ መላ ምቱን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመ። በጥንቃቄ ማየትና መመዝገብ ለሳይንስ ምን ያህል እንደሚበቃ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የእኛም ስም አውጪዎች በጥንቃቄ አይተዋል። እያንዳንዱ የስሜት ነርቭ የሚያገለግለው የቆዳ ክልል ከአከርካሪ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚጠመጠም ቀጭን መቀነት ይመስላል። ቫይረሱም በዚያ መቀነት ላይ ብቻ ስለሚወጣ ሽፍታው ተጎትቶ የተኛ ጭራ ይመስላል። «ባለጭራ» ማለት እንግዲህ ተረት አይደለም፤ በዓይን የታየ የነርቭ ካርታ ነው። ልናምነው የሚገባን ይህን ምልከታ ነው።

ከዚህ ምልከታ በመነሣት የትዳር ጓደኛ ሦስት ጥያቄዎችን ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛ፣ ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ ነውን? አልማዝ ባለጭራ እንደ ደንቡ የሰውነትን መካከለኛ መስመር አያልፍም፤ በግራ ከወጣ በግራ፣ በቀኝ ከወጣ በቀኝ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ከሽፍታው ቀድሟልን? ሦስተኛ፣ በቀላ ቆዳ ላይ በዘለላ የተሰበሰቡ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች አሉን? ለሦስቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው።

መልሱ «አይደለም» ከሆነ ሌሎች በሽታዎችን ማሰብ ይገባል። ማሳከኩ ከሕመሙ የሚበልጥ ከሆነ፣ በሌሊት የሚብስ ከሆነና ባልና ሚስት አብረው የሚያኩ ከሆነ እከክ ይጠረጠራል፤ ያን ጊዜ መታከም ያለባቸው ሁለቱም ናቸው። ዳር ዳሩ ጎላ ብሎ መሐሉ የሚጠራ ክብ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። በከንፈር ዙሪያ እየተመላለሰ የሚወጣውና ሕዝባችን ምች የሚለው ደግሞ የቅርብ ዘመድ በሆነ በሌላ ቫይረስ የሚመጣ ነው። የነፍሳቱም ትረካ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ፔደረስ የሚባል ቀይና ጥቁር ቀለም ያለው ቀጭን ጥንዚዛ አለ፤ በዝናብ ወራት ሌሊት ወደ መብራት ይመጣል። ይህ ጥንዚዛ አይናከስም፤ በቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ግን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ፔደሪን የተባለ መርዝ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የሚያቃጥል ሰንበር ያወጣል። ልዩነቱ ይህ ሰንበር ጥንዚዛው የተፈገፈገበትን መንገድ እንጂ የነርቭን መስመር የማይከተል መሆኑ ነው። ነፍሳቱ ሲነካም ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ይጠቅማል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ሰዓቱ ይቆጠራል። የቫይረሱን መባዛት የሚገታው አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጠው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። መድኃኒቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሳይንቲስቶች አንዷ በሆነችው በገርትሩድ ኤልየን የምርምር ቡድን ነው። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። መድኃኒቱ ወደ ሥራ የሚገባው ቫይረሱ ራሱ በሚሠራው ኢንዛይም ሲነቃ ስለሆነ፣ በቫይረሱ ያልተያዙ ሴሎችን እምብዛም አይነካም። ለአዋቂ ሰው በተለመደው አሰጣጥ 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀናት በአፍ ይወሰዳል፤ የኩላሊት ሕመም ላለበት ግን መጠኑ ስለሚቀነስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጀመር አይገባም። የዚሁ መድኃኒት ቅባት ለዚህ በሽታ አይበቃም፤ ቫይረሱ ያለው በነርቭ ውስጥ ነውና። 72 ሰዓቱ ያለፈበትም ሰው ቢሆን መሄዱን መተው የለበትም፤ አዳዲስ እብጠቶች እየወጡ ከሆነ ሕክምናው አሁንም ሊጠቅም ይችላል። ሽፍታው በግንባር፣ በዓይን ዙሪያ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ግን የዓይን ብርሃን አደጋ ላይ ስለሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

በዚህ ቦታ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «የእገሌን ያዳነው ቅጠል ነው፤ በዓይናችን አይተናል» ይባላል። ተመልካቹ አልዋሸም፤ የዘነጋው ነገር ግን አለ። የአልማዝ ባለጭራ ሽፍታ ቅጠል ቢደረግበትም ባይደረግበትም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው በራሱ ይደርቃል። በራሱ የሚድን ቁስል የቀረበለትን መድኃኒት ሁሉ ባለዝና ያደርጋል። ሳይቆጠር የሚቀረው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚዘልቀው የነርቭ ሕመም ነው። በዚህ የሚሠቃዩት በተለይ አረጋውያን ናቸው፤ ሸሚዝ ሲነካቸው እንኳ እሳት የነካቸው ያህል ይሰማቸዋል። ይህ ሕመም የራሱ ሕክምና ያለው ቢሆንም ከቅጠሉ ዝና ጋር ተያይዞ አይነገርም። በተከፈተ ቁስል ላይ የተለጠፈ ንጹሕ ያልሆነ ነገር በባክቴሪያ ሊያመረቅዝ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ሁለተኛውን ትረካም በቅንነት እንመልከተው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውና ሕክምና ያልጀመሩ ሰዎች በአልማዝ ባለጭራ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በወጣት ሰው ላይ ሲወጣ ሐኪሙ የደም ምርመራ እንዲደረግ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «ሊሆን ይችላል» እና «ነው» አንድ አይደሉም። ጉድፍ ይዞት የነበረ ማንኛውም ሰው ይህ በሽታ ሊወጣበት ይችላል፤ ዕድሜ ብቻውንም በቂ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ መሰጠት ጀምሯል። ሐሜቱ የተወለደው መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ሐሜቱ አላለፈም። ባልና ሚስት አብረው ቢመረመሩ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ከጥርጣሬ የተሻለ ኑሮ ይጠብቃቸዋል።

በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ጥንቃቄም ከባድ አይደለም። አልማዝ ባለጭራ እንደዚሁ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእብጠቶቹ የሚወጣው ፈሳሽ ግን ጉድፍ ይዞት ለማያውቅ ሰው ጉድፍን ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ እስኪደርቅ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ እጅን መታጠብ፣ ጉድፍ ካልያዛት ነፍሰ ጡርና ከጨቅላ ሕፃን መራቅ ይበቃል። ታማሚን ከማዕድ መለየት ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙም በማይርቀው በዘነበወርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ይገኛል። የሥጋ ደዌን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ለልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎች ሪፈራል የሚላክበት ተቋም ነው። የሥጋ ደዌ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ በቆዳ ላይ የሚታይ በሽታ ከመመርመሩ በፊት ይፈረድበታል። ሕሙማኑን ከበሽታው ባልተናነሰ የጎዳቸው ያ ፍርድ ነው። በአልማዝ ባለጭራ ላይ ያንኑ መድገም አይገባንም።

ስለዚህ የሳይንስ ትምህርት ቤቶቻችን የነርቭን ካርታ ከባዕድ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ካወጣው ከዚህ ስም ተነሥተው ቢያስተምሩ መልካም ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም ቅባት ሊገዛ ለመጣ ሰው ቅባቱን ከመስጠታቸው በፊት «በአንድ ጎን ነው ወይ? መቼ ወጣ?» ብለው ቢጠይቁና ወደ ጤና ጣቢያ ቢመሩት ብዙ ሥቃይ ይቀራል። በቤት ያለው የትዳር ጓደኛ ደግሞ ቅጠል ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት ሽፍታው የታየበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ይጻፍ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ነው።