ፍሪጅ የሳሎን ጌጥ አይደለም



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ፍሪጅ ሲበላሽ ሁልጊዜ የሚከሰሰው መብራት ነው። «መጣ ሄደ ሲል አቃጠለብን» ይባላል። የመብራቱ ነገር እንደሚያስቸግር አይካድም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በመብራት ላይ መጣል ተገቢ መስሎ አይታየኝም፤ የእኛም አያያዝ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለምና።

እስቲ ከአቀማመጡ እንጀምር። ማድ ቤታችን ጭስ ስለሚበዛበት ፍሪጁን ሳሎን ማስገባታችን ደግ ነው። ችግሩ እዚያ ከገባ በኋላ እንደ ቡፌ መቁጠራችን ነው። ከግድግዳ ጋር ይለጠፋል፣ ዳንቴል ይለብሳል፣ በላዩ የአበባ ማስቀመጫና ፎቶግራፍ ይደረደርበታል። ፍሪጅ እኮ የሚሠራው በውስጡ ያለውን ሙቀት ወስዶ ከኋላው ወይም ከጎኑ በማስወጣት ነው። መውጫው ከታፈነ ሞተሩ እረፍት አያገኝም፤ ቆጣሪውም አብሮ ይሮጣል። ስለዚህ ከኋላው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለቀቅለት፤ ዳንቴሉም ጎኑንና ጀርባውን አይሸፍን። የኋላውንም አቧራ በየጊዜው ሶኬቱን ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ ሲጠፋ ሶኬቱ ይነቀል። ሲመለስም 10 ደቂቃ ያህል ይታገሡት። በቱቦው ውስጥ የታመቀው ጋዝ ግፊቱ ሳይመጣጠን ሞተሩ ልነሣ ብሎ ሲታገል ይግላል፤ ሊቃጠል የሚችለውም ያን ጊዜ ነው። በጠፋበት ሰዓት በሩን አሁንም አሁንም መክፈት ይቅር። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል፣ የተሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 2 ቀን ይይዛል። ከዚያ በላይ የቆየና የሞቀ ሥጋ ባይሸትም ሊያሳምም ይችላል።

«እንጅባራ ራሷ ፍሪጅ አይደለችም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። በፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ «ቲ» የሚለው የላቲን ፊደል ካለ፣ ዕቃው የተሠራው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ለሆነ ክፍል ነው፤ «ኤስ ኤን» የሚለው ግን ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ይሠራል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው እንጅባራ፣ በብርድ ወራት ሌሊት ቤቱ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ፍሪጅ «በቃኝ» ብሎ ሞተሩን ያሳርፋል፤ በፍሪዘሩ ያለው ሥጋ ግን መቅለጥ ይጀምራል። ዳንግላ ዝቅ ስለምትል ችግሩ ያንስላታል። ሲገዙ ጽሑፉን ማየት፣ የገዛም ፍሪጁን ሞቅ ካለው ክፍል ማስቀመጥ ይበጀዋል።

እንዲህ ሲሆን «ጋዙ አለቀ» ተብሎ ሠራተኛ ይጠራል። ጋዝ እኮ እንደ ነጭ ጋዝ ነዶ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ይዞራል እንጂ። ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ ማስሞላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ብዙውን ጊዜ ቀዳዳውን የምናበጀው ራሳችን ነን፤ በረዶውን በቢላ ስንፍቅ! ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ማስገባት ይበቃል። በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ያለው ጋዝ እሳት የሚይዝ መሆኑም አይዘንጋ።

ይህን ሁሉ የምለው ለዕቃው ብቻ አዝኜ አይደለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። የስኳር ሕመም ኖሮበት ፍሪጅ የሌለው ጎረቤት ደግሞ አይጠፋም። እኛ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋና ቅቤው አለቀ ብለን ፍሪጁን እንነቅላለን። ለድግስ ድስትና ብርጭቆ የምንዋዋስ ሰዎች፣ ለጎረቤት መድኃኒት ከፍሪዘሩ ራቅ ያለች አንዲት ጥግ መስጠት ያቅተናል? እንግዲህ ፍሪጅ ያለን ሁሉ ዛሬውኑ ጀርባውን እንይ፤ ጎረቤታችንንም እንጠይቅ።